ጭን ላይ የማይቀመጥ አውሮፕላን

ሰርካለም ደውላ «ጋሽ ዳምጤ እኮ አረፉ» ስትለኝ «የት?» ልላት ስል ከአፌ ላይ ነው የመለስሁት።

ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢሰማኝ ያበድሁ ይመስለው ነበር። እኛ ግን ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ፣ ይህችን ቃል ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከራሳቸው አፍ እንሰማት ነበር። ጋሽ ዳምጤ ኮፍያቸውን እያወለቁ ይገቡና «ትናንት ባሕር ዳር በሰላም አረፍሁ። ነፋሱ ግን ከጎን ነበር፤ አስቸግሮኛል» ይሉናል። እሑዱን ሙሉ ከቤታቸው ደጃፍ ሳይወጡ የዋሉ ሰው ናቸው። የሚበርሩት ኮምፒውተር ላይ ነበር።

ሰርካለም የዚያ ቢሮ ጸሐፊ ናት፤ ዛሬም እዚያው አለች። ልላት የነበረው ገባት መሰለኝ፣ «የእውነቱን ነው፣ ይበልጣል» አለችኝ። «ደም ግፊታቸው ድንገት ተነሥቶባቸው ነው። ቀብራቸው ጅጋ ነው፤ ከእናት ከአባታቸው ጎን።»

ለቀብሩ አልደረስሁም። ለሠልስቱ ግን ከባሕር ዳር ማልጄ ተነሣሁ፤ መንገዱን ሁሉ እሳቸውን እያሰብሁ ሄድሁ።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ቆይቶ ነው። በየቢሮው ቢፒአር ስለሚባለው የአሠራር ለውጥ ስብሰባ የሚጠራበት፣ የክፍሉ ሁሉ በር ላይ የሥራ ሂደት ስም የሚለጠፍበት ጊዜ ነበር። እኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ተቀጠርሁ። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራዬ ቫይረስ ማጽዳትና የማተሚያ ቀለም መሙላት ነው። ጋሽ ዳምጤ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር። ረዘም ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጺማቸውን በየቀኑ የሚላጩ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሁለተኛ እንዲደግሙልህ የሚያስጠይቅ።

አንዳንድ ልማዳቸው ግራ ያጋባ ነበር። ጠዋት ሲገቡ ወንበራቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ጠረጴዛቸውን ይዞሩታል። እግሩን ነካ፣ ጠርዙን ዳሰስ፣ መሳቢያውን ሳብ መለስ ያደርጉና ነው የሚቀመጡት። ሰርካለም «የደብተራ ነገር አለባቸው» እያለች ታማቸው ነበር። ከግቢ ሲወጡ ደግሞ ቆም ብለው የባሕር ዛፉን ጫፍ ያያሉ። ባጃጅ ውስጥ ሆነው እንኳ እጃቸውን በጎን ያወጡና ነፋሱን ይለኩታል።

አየር ኃይል እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ምን ይሠሩ እንደነበር ግን የሚያውቅ አልነበረም። «የቀድሞ» የሚባል ነገር ሁሉ ጮክ ተብሎ የማይወራበት ጊዜም ስለነበረ ነው መሰለኝ፣ ማንም አጥብቆ አይጠይቃቸውም። ደፍሮ የጠየቃቸው ቢኖር «ያለፈ ነገር ነው» ይሉትና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቢሮ ቀርቼ የአውሮፕላን ጌም እጫወት ነበር። ከጓደኛዬ በፍላሽ የገለበጥሁት ነው። ላሳርፍ እየታገልሁ ሳለ ከኋላዬ፦

«ፍጥነትህን ቀንስ» አለኝ አንድ ድምፅ።

ደንግጬ ዞርሁ። ጋሽ ዳምጤ ናቸው፤ እኔን አያዩኝም፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

«አፍንጫውን አታንጋጠው። እንዲህ ከያዝኸው ከሜዳው አልፈህ ትወድቃለህ።»

እንዳሉትም ወደቅሁ። ሣቅሁና ከወንበሩ ተነሣሁላቸው። «እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።»

ተቀመጡ። ሲቀመጡ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር የሆነ ነገር ሲፈልግ አየሁት። መሬቱን ዳበሰ፣ ዳበሰና የፈለገውን አጥቶ ተሰበሰበ። ከዚያ ጣቶቻቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉና አስነሡት። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ በክንፉ ተደፍቶ ሐይቅ ውስጥ ገባ።

እኔ አሁንም ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ጣቶቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው።

«እኔ በእጄና በእግሬ ነው የተማርሁ» አሉ። «በጣት ጫፍ አልተማርሁም።»

የዚያን ቀን ነው የነገሩኝ። ከፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ተመርጠው ደብረ ዘይት እንደሄዱ፣ የበረራ ተማሪ እንደነበሩ፣ ያለ አስተማሪ ብቻቸውን መብረር ገና እንደጀመሩ መንግሥት እንደተለወጠና ሁሉም ወደየመጣበት እንደተበተነ። በሰው ጃኬት፣ በጭነት መኪና ላይ ሆነው ጅጋ ገቡ። እናታቸው «ተመስገን፣ በእግሩ መጣልኝ» ብለው እልል አሉ። ልጃቸው ሰማይ ላይ ነው ሲባሉ እንቅልፍ አጥተው ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሽ ዳምጤ ስለ አውሮፕላን አንሥተው አያውቁም።

«ባለቤትዎም አያውቁም?» አልኋቸው።

«አየር ኃይል እንደነበርሁ ታውቃለች። በተጋባን ሰሞን ትጠይቀኝ ነበር። ያለፈ ነገር ነው እላታለሁ። ኋላ ተወችው።»

ባለቤታቸው መምህርት አትጠገብ ቡሬ ታስተምር ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። እሷ ወደ ፍኖተ ሰላም ዝውውር ጠይቃ በየዓመቱ «ቦታ የለም» እየተባለች ነው የኖረችው። እሳቸው ዓርብ ከሥራ እንደወጡ ሚኒባስ ይይዛሉ፤ ሰኞ ጠዋት ከቡሬ በቀጥታ ወደ ቢሮ ይመጣሉ። ሰኞ የለበሱት ሸሚዝ የተተኮሰ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን እንደ ነገሩ ነው። የእሷን እጅ የምናውቀው በዚያ ነበር።

ከዚያ የምሳ ሰዓት በኋላ ሰውየው ሰላም አጡ። መዝገብ ፈልጎ የሄደ ሰው ሁለት ጊዜ መጥራት ይኖርበታል። አንድ ሳምንት ላይ ክፍሌ መጡና በሩን መለስ አድርገው «ዕቁቤ ወጥቶልኛል» አሉኝ። «ቅዳሜ ባሕር ዳር አብረኸኝ ሂድ። ኮምፒውተር ልገዛ ነው። ለዚያ ነገር።»

«ቅዳሜ ቡሬ አይደሉም እንዴ?»

«ለአንድ ቅዳሜ ምን አላት።»

አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጥን ጀመሩኝ። «በል እስቲ አስረዳኝ። ላፕቶፕ ይሻለኛል ወይስ ዴስክቶፕ?»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኋቸው። «ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ አይሞትም። የፍኖተ ሰላምን መብራት ደግሞ እናውቀዋለን። ሸክሙም ቀላል ነው፣ ቡሬም ይዘውት ይሄዳሉ። ለጌም ሲሆን ግን ይግላል፤ ሲግል ይንቀራፈፋል። ግራፊክስ ካርዱ ደካማ ከሆነም መቀየር የለም፣ እንደገዙት መኖር ነው። ዴስክቶፕ ሆዱ ይከፈታል። ራም እንጨምርለታለን፣ የተሻለ ካርድ ሲገኝ እንቀይርለታለን፣ ስክሪኑም ሰፊ ነው። ግን ከተተከለበት አይነቃነቅም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።»

«ያ መብራት የሚያቆይ ነገር አለ አይደል?»

«ዩፒኤስ አለ። እሱም የሚሰጥዎ ለማሳረፍ ያህል ጊዜ ነው።»

«አንድ አብራሪ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል?» አሉና በመስኮት ማየት ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ዞር አሉ። «ቡሬ ይዞ መሄዱ ግን ደግ ነገር ነው» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ያገኘናት ልጅ ተጫዋች ናት። ለጌም ነው የምንፈልገው ስንላት ፊቷ በራ።

«ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ነው፣ ጋሼ?»

«ልጅ የለኝም። ለራሴ ነው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ለእሳቸው ነው» አልኋት። ሣቋን ለመዋጥ ጎንበስ ብላ ካርቶን አነሣች።

አንድ ጥቁር ላፕቶፕ አወጣችላቸው። ጋሽ ዳምጤ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አደረጉት። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰበሰቡ። አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ደፉ፣ መልሰው አቀኑ። ከዚያ አንሥተው ለልጅቷ መለሱላት።

«አውሮፕላን ጭን ላይ አይቀመጥም፣ ልጄ» አሏት። «ሰው ነው አውሮፕላን ጭን ላይ የሚቀመጥ።»

ዴስክቶፑ ፊት ሲቀመጡ ሌላ ሰው ሆኑ። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ ልጅቷ የመኪና ጌም ከፍታበት ነበር። መንገዱንም መኪናውንም አላዩም። እጃቸውን ዘርግተው ሰማይና መሬት የሚገናኝበትን መስመር በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። «አድማሱ ዓይኔ ላይ ነው» አሉ። «ዓይኔ ላይ ነው እኮ፣ ይበልጣል!»

እንዲያም ሆኖ አልቆረጡም። ስልካቸውን አውጥተው ከሱቁ በር ላይ ቆሙ። ለሚስታቸው ሲደውሉ ሰማኋቸው። «አንቺዬ፣ ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንዱ የሚያዝ ነው፣ አንዱ የሚተከል። የቱ ይሻላል ትያለሽ?» አዳመጡ። ሣቅ አሉ። ስልኩን ዘግተው ሲመለሱ «ተሸክመኸው የምትመጣውን ግዛ ትላለች» አሉኝ። «እሷ ምኑን ታውቀዋለች!»

ዴስክቶፑን ገዙ። ቀጥሎ ጆይስቲክ የሚባለውን የማብረሪያ ዘንግ ስንፈልግ ዋልን። በመጨረሻ ከአንድ ጥገና ቤት አቧራ የጠጣ አሮጌ ጆይስቲክ አገኘን። ሲመለሱ ስክሪኑን ለአውቶቡሱ ረዳት አላምን ብለው እስከ ፍኖተ ሰላም ጭናቸው ላይ ይዘውት መጡ።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄጄ ተከልሁላቸው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር። ጌሙን ከፈትሁላቸውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ጋሽ ዳምጤ ጠረጴዛውን ዞሩት፤ እግሩን ነካ፣ ጠርዙን ዳሰስ አደረጉ። ያን ጊዜ ገባኝ። አብራሪ ከመሳፈሩ በፊት አውሮፕላኑን ዞሮ እንዲህ እየነካ ነው የሚፈትሸው። ለካስ ያን ሁሉ ዓመት በየጠዋቱ የመዝገብ ቤት ጠረጴዛ ሲፈትሹ ነው የኖሩት።

ከመነሣታቸው በፊት ባዶ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ፈቃድ ጠየቁ። ድምፃቸው ያ ዝግ ያለው ድምፅ አልነበረም። የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ፣ እውነት ለመናገር፣ ቢሯችን ደስ ያለበት ጊዜ ነው። ሰኞ ሰኞ ስለ በረራቸው ይነግሩናል። ሰርካለም «እኔንስ መቼ ነው አዲስ አበባ የሚያደርሱኝ?» ትላቸዋለች። «ሻንጣ አታብዢ እንጂ አደርስሻለሁ» ይሏታል። ግምገማ ላይ ሰው ሁሉ ሲቆጣ እሳቸው ፈገግ ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን የሥራ ሂደት መሪያችን «አቶ ዳምጤ፣ ምን ያሥቅዎታል?» ቢላቸው «ደመና ውስጥ ነን፤ ያልፋል ብዬ ነው» አሉት። እሱም ሣቀ።

ግን ሰኞ የሚለብሱት ሸሚዝ መተኮሱ ቀረ።

መጀመሪያ ዓርብ መሄዱ ወደ ቅዳሜ ተላለፈ። ቀጥሎ አንድ ሳምንት ሄደው አንድ ሳምንት መቅረት መጣ። ምክንያት አያጡም፤ ስብሰባ አለ፣ መኪና የለም፣ ጉንፋን ይዞኛል ይላሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን መብራት ነበር። በሥራ ቀን ሲሄድ ሲመጣ የሚሰነብት መብራት ቅዳሜና እሑድ አይጠፋም። «ይህን የመሰለ መብራት እንዴት ተትቶ ይኬዳል?» ብለውኛል አንድ ጊዜ፣ እንደ ቀልድ።

አንድ ዓርብ ከሥራ በኋላ ራም ልጨምርላቸው ቤታቸው ሄድሁ። ጨርሼ፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ሆነን ጎንደር ሊያሳርፉ ሲሉ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። መምህርት አትጠገብ ናት። ሻንጣ ትከሻዋ ላይ፣ የቡሬ በርበሬ የሞላ ፌስታል በእጇ ይዛለች። ፀጉሯን በደንብ ተሠርታ፣ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ በፍጥነት የመጣ ሰው ፊት። መቼም እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«ዳምጤ» አለች።

ጋሽ ዳምጤ አልዞሩም። ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አንሥተው መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«ቆይ አንድ ጊዜ፤ እያረፍሁ ነው።»

እኔ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። «እንደምን ዋሉ፣ መምህርት። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። ቤቱን አየት አደረገችው። ወንበሩን አየችው፣ የባሏን ጀርባ አየችው። «ቁሜ ይሻለኛል።»

አልገባችም። ጋሽ ዳምጤ እያወረዱ ነው፤ ከንፈራቸው የከፍታውን ቁጥር ያነበንባል። እኔ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እሷን አያለሁ። ጎማው መሬት ነክቶ ትንሽ እንደሄደ ቀና ብል ፌስታሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ የለችም። ሮጬ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ደረስሁባት።

«መምህርት፣ ጨርሰዋል እኮ! አሁን ይዞራሉ።»

«ተወው፣ ወንድሜ» አለችኝ። አልተቆጣችም። «ደስ ብሎታል። አታቋርጠው።»

ፈረስ ጋሪ እያስቆመች ሳለ፣ ከውስጥ የጋሽ ዳምጤ ድምፅ ይሰማኛል። «አየሽልኝ? አየሽልኝ፣ አትጠገብ? እንደ ላባ ነው ያስቀመጥሁት!»

ወደ መናኸሪያ መሄዷን ተመልሼ ስነግራቸው በነጠላ ጫማ ወጥተው ሮጡ። መናኸሪያ ሲደርሱ የቡሬው ሚኒባስ ወጥቶ ነበር። በማግሥቱ ማልደው ቡሬ ሄዱ።

ሰኞ ስለ በረራ የነገረን የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሌ መጥተው ተቀመጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሶ ነበር።

«ዝውውሩ ተፈቅዶላት ኖሯል» አሉኝ። «ያን ቀን ነው የሰማችው። ልትነግረኝ ነው የመጣች።»

«ታዲያ እሰየው ነው፣ ጋሼ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቅዳሜ ስደርስ አብልታ አጠጥታ ተቀበለችኝ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ‹ይቅርብኝ እላቸዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ይስጡት› አለችኝ። ለምን ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እዚያ ቤት ወንበሩ አንድ ነው› አለችኝ።»

ይህን ብለው ወደ መዝገብ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍነው ዓርብ ዓርብ ቡሬ መሄድ ጀመሩ። አንድም ዓርብ አያልፋቸውም። መመላለሱ ግን የድሮው አልሆነላቸውም። «እንግዳ ሆኛለሁ» አሉኝ አንድ ሰኞ። «ሳህኑን ከፍ አድርጋ፣ ትራሱን አስተካክላ፣ ‹ደክሞሃል፣ ዕረፍ› ትለኛለች። እንደ አማች ነው የምታስተናግደኝ። ድሮ እኮ ሽንኩርት ልጥ ብላ ታዘኝ ነበር።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ደመወዝ ተሰልፈን ስንጠብቅ፣ ያለ ምንም መነሻ፣ «ያን ጥቁሩን ላፕቶፕ ብገዛው ኖሮ» አሉኝ።

«አሁንም አይመሽም፣ ጋሼ። ዴስክቶፑን እንሸጠዋለን።»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አሉና የቀረውን ሳይጨርሱ ተዉት።

እኔ ግን አልተውሁም። አንድ ዓርብ የቢሮውን ላፕቶፕ ኃላፊያችንን አስፈቅጄ፣ ጌሙን ጭኜ ሰጠኋቸው። «ለመምህርት ያሳዩአቸው» አልኋቸው። እንደ እንቁላል ታቅፈውት ሄዱ። ሰኞ ሲመለሱ ይሥቃሉ፤ ዓይናቸው ግን አይሥቅም።

«ምን ሆነ?»

«አጠገቤ ቁጭ ብላ አየችልኝ። የተማሪ የቤት ሥራ እንደምታርም አድርጋ፣ በትዕግሥት። ገና ከመነሣቴ ላፕቶፕህ ጋለና ሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቢነኩት አይሄድ፣ አይወርድ። እኔ ላበት በላበት ሆንሁ። ትንሽ ጠበቀችና ‹ደክሞታል፣ ይረፍ› ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።»

በዓመቱ እኔ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቼ ለቀቅሁ። ለሰላምታ ቤታቸው ስሄድ ኮምፒውተሩ እንደተሸፈነ ነው፤ ጨርቁ ላይ አቧራ ነበረበት። ወንበሮቹ ግን ሁለት ሆነዋል። ሁለተኛውን ማን እንደሚቀመጥበት አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ በኋላ በስልክ እንጂ በአካል አልተገናኘንም። በደወልሁ ቁጥር «መምህርት እንዴት ናቸው?» እላቸዋለሁ፤ «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። በጨዋ ደንብ እዚያ ላይ ይቆማል።

ጅጋ ስደርስ ድንኳኑ የታላቅ ወንድማቸው ግቢ ውስጥ ተተክሏል። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሄደዋል፤ ለቀስተኛው ምሳ በልቶ ሳሳ ብሏል። መምህርት አትጠገብ ጥቁር ለብሳ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ሸብቷል። ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ፤ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። አለቀስን።

«ባሕር ዳር ሳላችሁ ደውሎልኝ ነበር» አለችኝ ቆይታ። «ያን ዕቃ ስትገዙ። ትዝ ይልሃል?»

«ይለኛል።»

«ተሸክመኸው የምትመጣውን ግዛ አልሁት። እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ? ና ማለቴ ነበር።»

ነጠላዋን ጫፉን ይዛ አጣጠፈችው። «ያ መጫወቻ አልነበረም የከፋኝ» አለች። «ከተጋባን ጀምሮ እጠይቀው ነበር። እንዴት ነው እዚያ ላይ ሲሆን? አይፈራም? ምን ይታያል? እለዋለሁ። ያለፈ ነገር ነው ይለኛል። እኔ የደረሰበት ነገር አለ ብዬ፣ ቁስሉን እንዳልነካ ብዬ ተውሁት። ኋላ ግንብ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሳጥን ሲያወራው ሰማሁ። ላንተም ነግሮሃል። ለቢሮው ሁሉ ነግሯል። ለኔ ብቻ ነው ያልነገረኝ።»

«አፍረው ነበር መሰለኝ» አልኋት። «ሳይጨርሱ በመመለሳቸው። እርስዎ ፊት ማነስ አልፈለጉም።»

«ባለፈው ዓመት ጀምሮልኝ ነበር» አለች። «ከቅዳሴ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ እኔ ሳልጠይቀው። ብቻውን የበረረ ቀን፣ ሐይቁ ከሥሩ እንዴት እንዳበራ። እቤት ስንደርስ ዘመዶች ከደጅ ጠበቁንና ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ እኔም ቀጥልልኝ አላልሁት፣ እሱም አልቀጠለ።» ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴት ወረደ ያን ቀን? ነግሮሃል?»

ነግረውኛል። ከባሕር ዳር ስንመለስ፣ ስክሪኑን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ነበር የነገሩኝ። ለእሷ ነገርኋት። ሲያወርዱት አንዴ ነጥሮባቸው እንደገና እንደተቀመጠ፣ አስተማሪያቸው ከሩቅ በጣቱ እንዳስፈራራቸው፣ ከዚያም እንደሣቀ። ሲወርዱ ክንፉ ሥር ሣሩ ላይ ቁጭ እንዳሉ። ጓደኞቻቸው እንደ ልማዱ ለደስታ ውሃ ሊያፈሱባቸው ሲሮጡ እያዩ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ሳርፍ ያየኝ የኔ ሰው የለም ብለው እንዳዘኑ።



«ያን ዓርብ» አለች በመጨረሻ፣ «ጎማው መሬት እስኪነካ ቁሜ አይቼዋለሁ። እልኸኛ ነኝና ከመዞሩ በፊት ልሂድ ብዬ ነው የሄድሁ። ግን አይቼዋለሁ። ያምር ነበር። ነፍስ ያለው ነገር ነበር የሚመስል።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አጥሩ ጋ ሆኜ ‹አየሽልኝ?› ሲለኝም ሰምቼዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ዓርብ ዓርብ ሲመጣ፣ አዎ አየሁልህ አላልሁትም። ዛሬ እለዋለሁ፣ ነገ እለዋለሁ ስል፣ ሳልለው ሄደ።»

ከቡሬ የመጡ መምህራን ድንኳኑ በር ላይ ደረሱና ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ልትቀበላቸው ተነሣች።